ፖስትግሬስ በእህል መጋዘን፦ አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩበት ምክንያት አለኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ሒሳብና ክምችት የምይዘው እኔ ነኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው፣ ቨርዥን 14። ከደጀን፣ ከቢቸናና ከሞጣ የሚገባው ጤፍ፣ ከቡሬ በኩል የሚመጣው በቆሎ፣ የገበሬው ስም፣ ሚዛኑ፣ የተከፈለው ብር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ጆንያ ከመዝገብ አልጠፋብኝም።

ጥሩ ጥሩውን ቶሎ ልበል። ነፃ ነው፣ ለፈቃድ ብሎ በየዓመቱ ብር የሚጠይቅ የለም። የገበሬዎቹን ስም በራሳችን ፊደል ያለምንም ችግር ይይዛል (ኃይሉና ሀይሉ ለሱ ሁለት ሰው ናቸው፣ እሱን በራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ)። ከሁሉ የወደድኩለት ግን መብራት ሲጠፋ ነው። እኛ ጋ መብራት ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል፣ እሱ ደግሞ የሚሠራውን ነገር መጀመሪያ በማስታወሻ መዝገቡ ላይ ጽፎ ነው ወደ ዋናው የሚያሰፍረው፣ ስለዚህ መብራት ሲመለስ ያንን አንብቦ ከቆመበት ይነሳል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የፖስትግሬስ ሰዎች የደኅንነት ማስተካከያ አወጡ። የተደፈነው ቀዳዳ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2023-5869 ነው (ሲቪኢ ለታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚሰጥ መለያ ነው)፣ ዓይነቱ ኢንተጀር ኦቨርፍሎው፣ ማለትም የሙሉ ቁጥር ከወሰን ማለፍ፣ ይባላል። ኮምፒውተር ሙሉ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ ወሰን አለው። ከዜሮ በታችም መሆን የሚችል፣ በ32 ቢት የሚያዝ ቁጥር ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ፕሮግራሙ ካልተጠነቀቀ፣ ቁጥሩ ተገልብጦ ትንሽ ወይም ከዜሮ በታች ይሆናል።

ለጋሼ፣ ለመጋዘኑ ባለቤት፣ እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። የመጋዘኑ ጠባቂ ደብተር ሁለት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ይሁን። 104 ኩንታል ይመጣል ሲሉት 04 ብሎ ይጽፋል። ለአራት ኩንታል የሚበቃ ጥግ ጠርጎ ይጠብቃል። አይሱዙዋ ደርሳ ማራገፍ ስትጀምር የቀረው 100 ኩንታል የት ይሄዳል? የሌላ ሰው እህል ላይ ይከመራል። ጋሼ ወዲያው ገባቸው፣ "ታዲያ ሆን ብሎ እንደዚያ የሚልክ ሌባ ቢመጣስ?" አሉኝ። ጉዳዩ ልክ እሱ ነው።

ፖስትግሬስ ውስጥ አሬይ የሚባል ነገር አለ፣ በአንድ ሣጥን ብዙ ዋጋ መያዣ። እኔ የእያንዳንዱን ጆንያ ሚዛን የማስቀምጠው በሱ ነው። አሬይ ሲቀየር ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላው የውስጥ ኮድ ከጣሪያው ማለፍ አለማለፉን ሳያጣራ የሚያልፍበት ቦታ ነበረው። ዳታቤዙ ውስጥ የገባ ተጠቃሚ ያንን ተጠቅሞ የሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ የፈለገውን መጻፍ፣ አልፎም የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። እኔ አሬይ አልጠቀምም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ገብቶ ትእዛዝ መጻፍ የቻለ ሰው አሬዩን ራሱ ይፈጥረዋል።

የሚገርመኝ፣ ፊት ለፊት ያለው ሥራ ላይ ፖስትግሬስ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነው። ኢንተጀር (ሙሉ ቁጥር) ዓምድ ላይ ከጣሪያው በላይ ቁጥር ልጻፍ ስትሉት "ኢንተጀር አውት ኦፍ ሬንጅ"፣ ቁጥሩ ከወሰን ውጪ ነው፣ ብሎ ይመልሳችኋል፣ ዝም ብሎ አይገለብጥም። ከውስጥ ግን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ኮድ ላይ ያንኑ ማጣሪያ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በእጁ ማስገባት አለበት፣ አንድ ቦታ ከተረሳ ተረሳ ነው። ግንቦት 2013 ላይም በዚያው በአሬይ በኩል ተመሳሳይ ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር። እነሱ ብቻም አይደሉም። በየስልካችን ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ በ2000 እ.ኤ.አ. የገባበት የኢንተጀር ኦቨርፍሎው ስሕተት የተስተካከለው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ጋ የከፋው የጊዜው ነገር ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ማስተካከያው ሲወጣ እኔ አላወቅሁም። የሰማሁት ጥር ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም ማስታወቂያቸው ጥቃቱ "ዳታቤዙ ውስጥ የገባ ተጠቃሚ" ይፈልጋል ይላል፣ እኛ ጋ ደግሞ መጀመሪያ ሲስተሙን የጫነልን ባለሙያ ለሁላችንም አንድ ፓስወርድ ሰጥቶን ነበር የሄደው። ያውም የዋናውን አስተዳዳሪ። ገንዘብ ያዡዋ፣ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ፣ ለአንድ ወር ሠርቶ የሄደው ሳይቀር ያውቀዋል። እንዲህ ከሆነማ ሌባው ቀዳዳ መፈለግ አያስፈልገውም፣ በሩ ክፍት ነው።

ቀዳዳው የተደፈነበትን ቨርዥን 14.10ን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። እዚህ ላይ ፖስትግሬስን ከልቤ አመሰግናለሁ። በዚያው ዋና ቨርዥን ውስጥ ሲሆን ዳታውን አውጥቶ መመለስ የለም። ባክአፕ ወሰድኩ፣ ሰርቪሱን አቆምኩ፣ አዲሱን በላዩ ጫንኩ፣ አስነሳሁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ሥራው አለቀ። ረጅም ጊዜ የወሰደው ፓስወርዱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ተጠቃሚ ከፈትኩ፣ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ ሚዛን ብቻ ይጽፋል፣ ዋጋ መንካት አይችልም። መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ "አላመንከንም ወይ" አሉኝ። ስሕተት ሲፈጠር ማን እንደሠራው ስለሚታወቅ ንጹሑ ሰው አይጠረጠርም ስላቸው ግን ተቀበሉኝ።

ኮከቧን የቀነስኩት ፖስትግሬስ ራሱ ምንም ስለማይናገር ነው። በዊንዶውስ ላይ ለዓመታት አሮጌ ቨርዥን ስታስኬዱ "አደገኛ ቀዳዳ አለብህ፣ አድሰኝ" የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ አይመጣም። ማስታወቂያቸው ግልጽ ነው፣ ምንም አይደብቁም፣ የትኛው ቨርዥን እንደተነካና በየትኛው እንደተስተካከለ ቁጭ ያደርጋሉ፤ ግን ሄዶ ለሚያነብ ሰው ነው። ኔትወርክ ያለው ሰው ላይታየው ይችላል፣ በወር አንዴ ለሚያገኝ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የምትጠቀሙ ካላችሁ ዛሬውኑ ቨርዥኑን እዩት። ለዚህኛው ቀዳዳ 16 ከሆነ 16.1፣ 15 ከሆነ 15.5፣ 14 ከሆነ 14.10፣ 13 ከሆነ 13.13፣ 12 ከሆነ 12.17 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ማስተካከያዎች ስለወጡ የመጨረሻውን ብትጭኑ ይሻላል። ቨርዥን 11 በ11.22 ድጋፉ አብቅቷል፣ 12ና 13ም ከዚያ በኋላ ድጋፋቸው አብቅቷል፣ ወደ አዲስ መሻገር ነው ያለው። ቢቸና ያለው ሁለተኛው መጋዘናችን አሁንም 11 ላይ ነው። እሱ እንደ 14ቱ ቡና እስኪፈላ አያልቅም፣ ዳታው ራሱ ወደ አዲሱ ዋና ቨርዥን መሻገር አለበት። ጋሼ የቅዳሜ ገበያ ካለፈ በኋላ እሑድ ሂድ ብለውኛል፣ ሁለት ባክአፕ በሁለት ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።