ባለ ማዞሪያ ታይሚንግ ላይት ለአባይ በረሃ መንገድ

ደብረ ማርቆስ ላይ በጆሮ ብቻ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) የተስተካከለ ዲኤክስ ኮሮላ እዚያው ከተማ ውስጥ ቆንጆ ይሄዳል። ቦታው 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ያንሳል፣ ቃጠሎውም ይዘገያል። እሳቱን ትንሽ ቢያስቀድሙለት ሞተሩ ደስ ይለዋል። ያው መኪና ደጀንን አልፎ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ግን ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ታች አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም የበረሃ ነው። ጭነት ይዞ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲጀምር ያ በጆሮ የተቀደመ እሳት ማንኳኳት (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ ያለ አግባብ ሲፈነዳ የሚሰማ ኳኳታ) ያመጣል። ችላ ካሉት ጋስኬት ይበላል፣ ፒስተኑንም ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት ላይ ይሰብረዋል።

ታይሚንግ ላይት ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ እያለ ታይሚንጉን የሚያሳይ መብራት ነው፤ ለዚህ መንገድ ባለ ማዞሪያው ከተራው ይሻላል። ሁለቱም ሽጉጥ መሳይ ናቸው፤ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫቸው 12 ቮልት ባትሪ ላይ፣ ሦስተኛው የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ኬብል ላይ ይገባል። መቆንጠጫው ላይ ያለው ቀስት ወደ ካንዴላው ይዙር፤ ከተገለበጠ መብራቱ ይዘባርቃል። ልዩነቱ ጀርባው ላይ ያለው የዲግሪ ማዞሪያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ይሙቅ። ኮንታክት ፖይንት (እየተከፈተ እሳቱን የሚቀሰቅስ ማገናኛ) ካለው ክፍተቱ አስቀድሞ ይስተካከል፤ ኋላ ከተነካ ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው በብሎን ይድፈኑት። ከዚያ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት) የፑሌጃውን፣ ማለትም ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን መዘውር፣ ምልክት በብልጭታው እያዩ ዲስትሪቢውተሩን በማዞር ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ቁጥር ላይ ያምጡት። ዲስትሪቢውተሩ በ1 ዲግሪ ሲዞር ክራንኩ ላይ 2 ዲግሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ብሎኑን አላልተው በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል።

ተራው መብራት እዚህ ላይ ያቆማል። ባለ ማዞሪያው ግን ዋናውን ነገር ያሳያል። ሞተሩን 3000 ዙር ላይ ይያዙትና የፑሌጃው ምልክት 0 ላይ እስኪመለስ ማዞሪያውን ያዙሩ፤ የሚነበበው ቁጥር ጠቅላላ ቅድሚያው ነው። በሚኒሞ ከነበረው እምብዛም ካልጨመረ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት፣ ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ዝገው ተጣብቀዋል፤ ገና ትንሽ ጋዝ ሲሰጡት ዘሎ ከወጣ ስፕሪንጎቹ ደክመዋል። ዲስትሪቢውተሩን ማዞር ይህን በሽታ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ሁሉም ደህና ሆኖ ዳገቱ ላይ ካንኳኳ 2 ዲግሪ አዘግይተው እንደገና ይሞክሩት። ደጋው ላይ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ከልክ በላይ ማዘግየት ደግሞ ማኒፎልዱን ያግላል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይፈላል።

እንከኖቹስ? ጋራዦቻችን አብዛኞቹ ደጅ ናቸው፤ የቀትር ፀሐይ ብልጭታውን ይውጠዋል። ምልክቱን በነጭ ቀለም ወይም በጠመኔ ቀብተው ጥላ ቢፈልጉ ይሻላል። ኬብሉ ማኒፎልድ ከነካ ይቀልጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ማራገቢያው ነው፦ በብልጭታው ሥር እየዞረ የቆመ ይመስላል። እጅ እንዳይሰደድ።

መብራቱ የሚያነበው ፑሌጃው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው። ባለ ጎማ ፑሌጃ ሲያረጅ የውጭ ቀለበቱ ይንሸራተትና ምልክቱ ሐሰት ይናገራል። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትተው ቀጭን እንጨት ያስገቡና ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ምልክቱ 0 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህን ያላየ ሰው ምንም ውድ መብራት ቢገዛ ዋጋ የለውም።

ዲስትሪቢውተር ያላቸው ባለ ኢንጀክሽን ኮሮላዎች ላይ፣ ለምሳሌ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ ከመለካት በፊት የምርመራ ሶኬቱ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኙ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ እያስተካከለ ያሳስትዎታል። ዒላማው 10 ዲግሪ ነው። ቪትዝ ላይ የሚዞር ዲስትሪቢውተር ስለሌለ ለቪትዝ ብቻ ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ናይትረስ (ጉልበት ለመጨመር ከጠርሙስ ወደ ሞተሩ የሚገባ ጋዝ) ለገጠመ የእሽቅድድም ሞተርም ይሆናል፣ ግን በጥንቃቄ። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 50 የፈረስ ጉልበት ናይትረስ ከጠቅላላው ላይ 2 ዲግሪ ማዘግየት ነው፤ 34 ዲግሪ የነበረው 100 የፈረስ ጉልበት ሲጨመርበት 30 ይሆናል። የእሽቅድድም ቤንዚን ማንኳኳትን ቢቋቋምም ይህን አይሰርዝም፤ ናይትረስ በክብደቱ 36 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ስለሆነ ቃጠሎው ይፈጥናል። ደጋ ላይ ደግሞ የሞተሩ አየር ሲቀንስ የጠርሙሱ መጠን ስለማይቀንስ የናይትረሱ ድርሻ ይበዛል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ በአንድ ዙር ደጋግሞ እሳት የሚሰጥ ሳጥን ካለ ማዞሪያው ይወናበዳል፤ 0 ላይ ትተው ፑሌጃው ላይ የዲግሪ ቴፕ ለጥፈው ያንብቡ።

ሲገዙ ሱቁ በር ላይ በቆመ ማንኛውም ባለ ዲስትሪቢውተር መኪና ይሞክሩት። ጋዝ ሲሰጡት ብልጭታው ከተቆራረጠ ይመልሱት።