ቤት ሲገዙ፦ ግንበኛ ዘመድ ወይስ መሐንዲስ?

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ግንበኛ ዘመዱን ይዞ ይሄዳል። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ጥሩ ግንበኛ ልስኑን አንኳኩቶ የለቀቀውን ይለያል፤ የሚያፈስ ቆርቆሮና ምስጥ የበላው እንጨትም አያመልጠውም። ወጪው ምሳና የባጃጅ ብቻ ነው። ሻጩን የሚያውቅ ከሆነ ግን ይሉኝታ ይይዘዋል።

መሐንዲስ የሚከፈለው መሬቱንም ስለሚያይ ነው። በከተማዋና በጣና ዳርቻ ብዙ ቦታ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቂ ጥልቀት ከሌለው ቤቱም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ግንበኛው «የልስን ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ መሐንዲሱ ስፋቱን ይለካል፣ ወለሉን በውሃ ልክ ያያል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃል። ያገኘውን በጽሑፍ ስለሚሰጥም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳል። ለሻጭም ቢሆን ችግሩን ቀድሞ አውቆ መጠገን ይሻለዋል።

ሐይቁ አጠገብ ከሆነ እኔ ያለ መሐንዲስ አልገዛም፤ ያውም በነሐሴ አስፈትሼ። ያኔ ግቢው ውስጥ ውሃው የት እንደሚተኛ በዓይን ይታያል።