አይስላንድ ለመሄድ የምታስቡ፣ ይህችን እህት አናግሯት

ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና ለሌሎቻችሁም ለመጠቆም ነው። የምትኖረው ስቶክሆልም ነው። ሥራዋ የሰው ጉዞ ማቀድ ነው፤ በተለይ ወደ ሰሜን አገሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ አይስላንድ። ስሟ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገችም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ወንድሜ ዋሽንግተን። እማዬ የአገራችንን ክረምት እኔ ጋ ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ወንድሜ ረጅም እረፍት ስላላገኘ "መሀል ላይ እንገናኝ" አለ። ከሁለታችንም ከተማ ቀጥታ በረራ ያላት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል ያለችው አገር አይስላንድ ሆነች። ወንድሜ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ቫይኪንጎች፣ ስለ ጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነው። ግን ሰባ ዓመት ያለፋትን እናት፣ ያውም በፍልሰታ ጾም፣ እሳተ ገሞራና የበረዶ ግግር ወዳለበት ደሴት እንዴት እንደምንወስዳት ማናችንም አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅነው አንድ የጉዞ ቢሮ እማዬ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋታል ብሎ ተስፋ አስቆርጦን ነበር። ይህች እህት ግን የቪዛውን ፎቶ አስልካ አየችው። የጀርመን ሸንገን ቪዛ ነው፤ ሸንገን በሚባለው የጋራ ስምምነት ውስጥ ላሉ የአውሮፓ አገሮች ሁሉ ያገለግላል። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2001 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የእማዬ ዋና ቆይታ ጀርመን እስከሆነ፣ የተፈቀደላትም ቀን እስካላለቀ ድረስ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም አለችን። በዚያ አላበቃችም። የጉዞ ኢንሹራንሱ የሸንገን አገሮችን በሙሉ የሚሸፍን መሆኑን፣ ከ30,000 ዩሮም እንደማያንስ ወረቀቱን አንብባ አረጋገጠች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ገና አንድ ሳንቲም አልከፈልናትም።

ከዚያ "እማማን አገናኙኝ" አለች። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ጠቅላላ የጉዟችን መልክ የተቀየረው በዚያ ስልክ ነው። "እማማ፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎን ያምዎታል? ደረጃ ይከብድዎታል? የሚጾሙት እስከ ስንት ሰዓት ነው? መኪና ውስጥ ብዙ ሲቀመጡ እግርዎ ያብጣል?" እያለች አንድ በአንድ ጠየቀቻት። መጨረሻ ላይ "አገርዎ ሳሉ መሄድ የሚወዱት የት ነው?" አለቻት። እማዬ ሳታስብ "ጠበል" አለች።

ወንድሜ ረጅም ዝርዝር ይዞ ነበር። ደሴቲቱን የሚዞረውን አንድ ቁጥር መንገድ ሙሉውን መንዳት ይፈልግ ነበር፤ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እህታችን አብዛኛውን ሰረዘችው። በነበረን ጊዜ ያን ሁሉ ብንነዳ እማዬ የምታየው የመኪና መስኮት ብቻ እንደሚሆን በግልጽ ነገረችው። ብዙ ቦታ የሚሸጥ ብዙ ያገኛል፤ እሷ ግን ቀነሰችልን። ሬይኪያቪክ አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከዚያ እየወጣን እንድንመለስ አደረገች። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ከሁላችንም በላይ ያመሰገናት እሱ ነው።

አሁን ወደ ጠበሉ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ቲንግቬትሊር የሚባል ሜዳ አለ። ከስካንዲኔቪያ በመጡት በኖርስ ሰፋሪዎች ዘመን፣ በ930፣ የአገሩ ጉባኤ አልቲንግ የተመሠረተበት ቦታ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ በጋ ከየአውራጃው ተሰባስበው ሕግ ያወጡበት፣ ይፈራረዱበት ነበር። ቦታው ራሱ መሬት የሚከፈትበት ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የምድር ንጣፎች በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ተሰንጥቆ ግድግዳ የመሰለ ገደል ሠርቷል። የእኛ አፋርም የምድር ንጣፎች የሚለያዩበት ቦታ ስለሆነ፣ እህታችን ይህን ስታስረዳን ወንድሜ ወዲያው ነው የገባው። ለእማዬ ጉልበት ብላም ከታችኛው የመኪና ማቆሚያ እንድንጀምር ነገረችን።

በ1000 ዓመት አካባቢ እዚያ ሜዳ ላይ አገሩ ለሁለት ሊከፈል ደርሶ ነበር። ግማሹ ክርስቲያን ሆኗል፣ ግማሹ የድሮዎቹን አማልክት አልተውም ብሏል። ፍርዱን ለሕግ ነጋሪው፣ የአገሩን ሕግ በቃሉ ይዞ ለጉባኤው ለሚናገረው ለቶርጌይር ሰጡት። እሱ ራሱ ገና ክርስቲያን አልነበረም። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ካባውን ተከናንቦ ተኝቶ ካሰበ በኋላ ተነሥቶ ሁሉም ይጠመቅ፣ አገሩም በአንድ ሕግ ይተዳደር ብሎ ፈረደ። ሰዉም ፍርዱን ተቀበለ። ብዙዎቹ ግን የቲንግቬትሊር ውኃ ቀዝቃዛ ነው፣ በዚያ አንጠመቅም አሉ። ስለዚህ ሎይጋርቫትን በሚባለው ሐይቅ ዳር ባለች ፍል ውኃ ተጠመቁ። ዛሬም አለች፤ ቪግዳሎይግ ይሏታል።

ብዙ ጎብኚ ሎይጋርቫትንን በመኪና አልፏት ነው የሚሄደው። እህታችን ግን ከእማዬ ጋር በስልክ ካወራች በኋላ ፕሮግራሙ ላይ የጻፈችው የመጀመሪያ ቦታ እሱ ነው። ፍል ውኃዋ ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋን በድንጋይ የተከበበች ክብ ኩሬ። ውኃው ለብ ያለ ነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች፣ እጇን ነከረች፣ ፊቷን አበሰች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የእመቤታችንን ጸሎት በለሆሳስ ማድረስ ጀመረች። እኔና ወንድሜ ዝም ብለን ቆምን። ለመጨረሻ ጊዜ አብረናት ጠበል የሄድነው በልጅነታችን ነበር። ይህን ቀን የሰጠችን፣ እማዬን በአካል እንኳ ያላየቻት ይህች ልጅ ናት።

እዚያው ሐይቁ ዳር ደግሞ ዳቦ መሬት ውስጥ ሲጋገር አየን። የአጃ ሊጡን ድስት ውስጥ ከድነው ጥቁሩ ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል። 24 ሰዓት ይቆያል። ሰውየው በአካፋ ሲቆፍር አሸዋው ውስጥ ያለው ውኃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይነሣል። ዳቦው ወተት ስላለበት እማዬ አልቀመሰችም፣ ግን ስለ አጋገሩ ሰውየውን በእኔ አስተርጓሚነት ብዙ ጠየቀችው።

የምሳው ነገር ራሱን የቻለ ምስጋና ይገባዋል። ፍሪድሄይማር የሚባል ቲማቲም የሚያመርት ግሪንሃውስ፣ ማለትም ተክል የሚበቅልበት የመስታወት ቤት አለ። የሚሞቀው ከምድር በሚወጣ ፍል ውኃ ነው፤ ለዚህ ነው በዚያ ብርድ አገር ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም የሚለቀመው። ጠረጴዛዎቹ ቲማቲሙ መሀል ናቸው፣ የሚቀርበውም የቲማቲም ሾርባና ዳቦ ነው። እህታችን አስቀድማ ጽፋላቸው ለእማዬ ቅቤ፣ ወተትና ክሬም እንዳይገባ አድርጋለች። ጠረጴዛውንም ያስያዘችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እማዬ የምትጾመው እስከዚያ ስለሆነ። የፍልሰታን ሰዓት አስቦ አይስላንድ ውስጥ ጠረጴዛ የሚይዝ የጉዞ አማካሪ ሌላ ካለ አላውቅም።

ለወንድሜም የሚሆነውን አልረሳችም። ሬይኪያቪክ መሀል ከተማ ከመንገድ በታች የአንድ የጥንት ሰፋሪ ረጅም ቤት ፍርስራሽ አለ። የ10ኛው መቶ ዘመን ነው። እዚያው በተገኘ ግንብ ላይ የወደቀው የእሳተ ገሞራ አመድ ግንቡ ከ871 አካባቢ በፊት መሠራቱን ያሳያል። የቫይኪንጎቹ ታሪክ የተጻፈው ደግሞ በጥጃ ቆዳ ብራና ላይ ነው። ብራናዎቹን ለዘመናት ዴንማርክ ይዛቸው ነበር። በ1971 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመርከብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ወደብ ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ወንድሜ ብራናዎቹ ያሉበት መስታወት ፊት ቆሞ ስለ መቅደላ ብራናዎች ሲያወራ እማዬ "የእኛዎቹንም እንዲሁ ያምጣልን" አለች።

እሳተ ገሞራውን በተመለከተ አንዲት ነገር አልደበቀችንም። ሬይኪያኔስ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለችው የግሪንዳቪክ ከተማ ነዋሪዎች በኅዳር 2023 በሌሊት እንዲወጡ ተደርጓል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ መሬቱ በተደጋጋሚ ፈንድቷል። ብሉ ላጉን የሚባለው ታዋቂ የፍል ውኃ መዋኛ በዚያው አካባቢ ስለሆነ በየጊዜው ሲዘጋ ኖሯል። ስለዚህ ማረፊያችንን ከዚያ አራቀችው፣ የማይመለስ ገንዘብም በቅድሚያ እንዳንከፍል አደረገች። ስልካችን ላይ 112 የሚባለውን የአደጋ ጊዜ መተግበሪያ አስጫነችን። ሴፍትራቭል የሚባለውን የደኅንነት ገጽ በየጠዋቱ እንድናይ አስለመደችን። እዚያ አገር ሰው ሲጠፋ ወጥተው የሚፈልጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለሥራቸው ገንዘብ ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ ለአዲስ ዓመት ርችት መሸጥ ነው። እነሱንም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ከሁሉም ያስፈራኝ የነበረው ነፋሱ ነው። እዚያ ነፋስ የመኪና በር ገንጥሎ ይወስዳል፣ ጉዳቱንም ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አይከፍልም። እህታችን በድምፅ መልእክት "መኪናዋን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፣ በሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፈቱ፣ እማማን መጨረሻ አውርዷቸው" አለችን። ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ባሰብንበት ዋዜማ ማታ ደግሞ ራሷ ደወለች። የሜትሮሎጂ ቢሮው ለአካባቢው ቢጫ የነፋስ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። "ነገ ሙዚየም፣ ከነገ ወዲያ ባሕር" ብላ ቀኑን ገለበጠችው። ስንሄድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ሬይኒስፍያራ በሚባለው ጥቁር አሸዋ ላይ ግን እማዬን እንዳናወርዳት ጠበቅ አድርጋ ነግራናለች። ማዕበሉ ሳይታሰብ መጥቶ ሰው ይወስዳል፣ የሞቱም አሉ። "ዲርሆላኤይ ላይ ሆናችሁ ከላይ እዩት" አለች። እንዳለችው አደረግን። ጥቁሩ አሸዋ፣ ነጩ አረፋ፣ ገደሉ ላይ ቆመው ክንፋቸውን የሚያራግቡት ፓፊን የሚባሉ ወፎች፣ ሁሉም ከዚያ ይታያል። እማዬ መኪናው አጠገብ ቆማ ጠገበችው።

ስለ ፍል ውኃ መዋኛዎቹም አስቀድማ ነግራናለች፦ ከመግባት በፊት ልብስን ሙሉ በሙሉ አውልቆ፣ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ለእኛ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በድንገት እዚያ ደርሳ እንዳታፍር ብላ ነው የነገረችን፤ የተዘጋ መታጠቢያ ያላቸውንም ነግራናለች። እማዬ እግሯን ሐይቁ ዳር መንከር መረጠች። ማንም አልተጫናትም።

ክፍያዋን በተመለከተ፣ አስቀድማ ቁርጡን ትናገራለች፣ በኋላም አትጨምርም። ከሆቴልም ሆነ ከመኪና አከራይ ኮሚሽን አትቀበልም፤ ሁሉንም በራሳችን ካርድ ነው የከፈልነው። አይስላንድ ውድ አገር ናት፣ ይህን አልሸሸገችንም። ግን የአሳማ ምልክት ያለበት ቦነስ የሚባል ሱፐርማርኬት ገብተን ምስር፣ ሽንኩርትና ዘይት ገዝተን ማታ ማታ ቤት እንድናበስል ማእድ ቤት ያለው ቤት የመረጠችልን እሷ ናት። እማዬ በርበሬዋን ይዛ ነበር።

ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቀን ሌላ ሥራ ስላላት የምትመልሰው ማታ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በድምፅ። በጥቂት ቀን ብዙ አገር መሮጥ ለሚፈልግ ሰው አትሆንም፤ እሷም አትቀበለውም። ወላጆቹን ይዞ ለሚሄድ፣ ለሚጾም፣ የጤና እክል ላለበት ሰው ግን ከእሷ የተሻለ አላየሁም። የሰሜኑን ብርሃን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት የምትፈልጉ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ የበረዶ ጊዜ መንገድ ሌላ ዝግጅት ስለሚጠይቅ ቀደም ብላችሁ ንገሯት። ለፈረንጆቹ በጋ ደግሞ ቤትና መኪና ቶሎ ስለሚያልቅ ከገና በኋላ ብትደውሉላት ይሻላል። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ማን ማን እንደሚሄድና ምን እንደሚወዱ ነው፤ ይህን ተነጋግራችሁ ጠብቋት።

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እማዬ አዲስ አበባ ገብታለች፤ "ያቺን የስቶክሆልሟን ልጅ ሰላም በሉልኝ፣ ስትመጣ ቤቴ ትግባ" ብላለች።