ዓሣ አጥምዶ ለማያውቅ ሰው ቻርተር ጀልባ ያዋጣል ወይ? ከሚቺጋን ሐይቅ የታዘብኩት

«ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ቻርተር ጀልባ (ከነካፒቴኑ የሚከራይ ማጥመጃ ጀልባ) ላይ ብወጣ ያዋጣኛል?» ሰመር በመጣ ቁጥር ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። መልሴ አዎ ነው። ግን ጀልባና ጀልባ ይለያያል። በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ካሉት ከሚልዋኪ፣ ከራሲንና ከኬኖሻ ከተሞች ከተለያዩ ካፒቴኖች ጋር ወጥቻለሁ። አንዱን ጀልባ ነጥዬ ከማሞገስ፣ ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ብጽፍ የበለጠ የሚጠቅም መሰለኝ።

በቅድሚያ፣ ለምን ቻርተር? ሐይቁ ሐይቅ ይባል እንጂ ወዲያ ማዶው አይታይም። ከሰሜን እስከ ደቡብ 494 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጥልቁ ቦታ 281 ሜትር ይወርዳል። እዚያ የሚጠመዱት ሳልመንና ትራውት የሚባሉ ዓሦች ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ናቸው። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ሳልመን 12 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ውሃ ይመርጣል። ሌክ ትራውት ከዚያም የቀዘቀዘውን ይፈልጋል። ሰመር ላይ የላዩ ውሃ ሲሞቅ ዓሦቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከዳር ሆኖ መንጠቆ የሚወረውር ሰው አይደርስባቸውም። ካፒቴኑ ግን ትናንት በስንት ሜትር ጥልቀት እንደነበሩ ያውቃል፤ የዛሬው ንፋስ ወዴት እንደሚወስዳቸውም ይገምታል።

የንፋሱ ነገር ደስ ይለኛል። በዊስኮንሲን በኩል ከምዕራብ ወይም ከደቡብ ሲነፍስ ሞቃቱን የላይ ውሃ ወደ መሀል ይገፋዋል። በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ወደ ዳር ይወጣል፤ ሳልመኑም አብሮት ይቀርባል። ከምሥራቅ ሲነፍስ ግን ማዕበሉ ሐይቁን አቋርጦ ይመጣል። ያን ቀን ለጀማሪ አይሆንም። ጥሩ ካፒቴን እንዲህ ያለ ቀን ሲያጋጥም ራሱ ደውሎ «ሌላ ቀን እናድርገው» ይላችኋል። ገንዘብ እየቀረበት እንዲህ የሚል ሰው ልጆቼን ይዤ አብሬው ልወጣ የምደፍረው ሰው ነው።

ጀልባዋ ቆማ አይደለም የሚጠመደው። በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር እያለች ቀስ ብላ ትጓዛለች፤ ትሮሊንግ የሚሉት ይህንን ነው። ከኋላዋ ብዙ ዘንግ ይደረደራል። ዳውንሪገር የሚባል መሣሪያ አለ። አምስት ኪሎ የሚጠጋ የእርሳስ ኳስ በሽቦ ይወርዳል። የማጥመጃው ክር ኳሱ ላይ በመያዣ ይታሰርና አብሮ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ማታለያው ካፒቴኑ በፈለገው ጥልቀት ላይ ይሄዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመያዣው ይላቀቃል። ተቆልምሞ የነበረው ዘንግ ቀጥ ብሎ ይነሳና ወዲያው እንደገና ይጎብጣል። ያኔ አንዱ «ፊሽ ኦን!» (ዓሣ ነከሰ!) ብሎ ይጮሃል፤ ሁሉም ከተቀመጠበት ይነሳል።

ጀማሪው ምን ዓይነት ጀልባ ላይ እንደወጣ የሚለየው ከዚህ በኋላ ባለው ግማሽ ደቂቃ ነው።

አማቴ ከሐዋሳ መጥተው በነበረ ጊዜ ከሚልዋኪው የጀልባ ማቆሚያ፣ ከማኪንሊ ማሪና፣ ይዣቸው ወጣሁ። ዕድሜያቸውን ሐይቅ ዳር የኖሩ ሰው ናቸው። ቆሮሶ በመረብ ሲወጣ እያዩ ነው ያደጉት። ሪል (የክር መጠቅለያ) የተገጠመለት ዘንግ ግን በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ሴት ልጄም አብራን ነበረች። ገና ሳይነጋ ተነሳን። የካፒቴኑ ረዳት ወጣት ነው። ገና ከወደቡ ሳንርቅ አማቴን ጠርቶ ባዶ ዘንግ አስያዛቸው። የክሩን ጫፍ በእጁ ይዞ ልክ እንደ ዓሣ እየጎተተ አለማመዳቸው። እኔ በመሀል አስተረጉማለሁ። «ሲሮጥ ይተዉት፣ ሪሉን አይንኩ። ሲቆም ያንሱና ዝቅ እያሉ ይጠቅልሉ። ክሩ እንዳይረግብ ብቻ።» ልጄንም እንዲሁ አሳያት። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ኪንግ ነከሰ። ረዳቱ ዘንጉን ከመያዣው አንስቶ ቀጥታ አማቴ እጅ ላይ አደረገው። ሪሉ ጮኸ። ክሩ እየተተረተረ ይሄዳል፣ ይሄዳል። አማቴ በተነገራቸው መሠረት ዝም ብለው ያዙት። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና «ኧረ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ጥጃ?» አሉ። ረዳቱ ከጎናቸው ቆሞ የሪሉን ፍሬን አንዴ ላላ፣ አንዴ ጠበቅ ያደርጋል። ዘንጉን ግን አንድም ጊዜ አልነካም። ዓሣው ጀልባዋ አጠገብ ደርሶ እንደገና ወደ ታች ወረደ። ቀስ ብለው መለሱት። በመጨረሻ ረዳቱ በመረብ ሲያነሳው ልጄ እየጮኸች ትዘላለች። አማቴ ተቀምጠው ክንዳቸውን ያሻሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ፈገግታ ነው።

በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ጀልባ፣ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነገር ገጥሞናል። ረዳቱ ዓሣ በነከሰ ቁጥር ራሱ አንስቶ ግማሽ መንገድ ያመጣዋል፤ ሲደክምለት ነው ለእንግዳው የሚሰጠው። ክር ሲረግብ ልጆች ላይ ይጮሃል። የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላ ደግሞ ሰዓታችን ሳያልቅ ወደ ወደብ ተመለስን። ኩለሩ ሞልቷል፣ እውነት ነው። እንግዶቹ ግን ምንም ሳይማሩ ወረዱ። እኔ ዓሣ መግዛት ብፈልግ ሱቅ አለ። ቻርተር የሚያስከፍለው ገንዘብ ትርጉም የሚኖረው ዘንጉ በእናንተ እጅ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። «ከመካከላችን አንዳችንም አጥምደን አናውቅም፤ ልጅም አለ» በሉና መልሱን አድምጡ። ደስ ብሎት የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅ፣ ምን እንደምትለብሱ የሚነግር ካፒቴን ጥሩ ምልክት ነው። ባለፈው ሳምንት ስንት ዓሣ እንዳወጣ ብቻ የሚያወራውን እለፉት። ዘንጉን ማን እንደሚያነሳም በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ክፍያው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ለግማሽ ቀን ከ500 ዶላር በላይ አስቡ። አብዛኞቹ ጀልባዎች እስከ ስድስት መንገደኛ ይይዛሉ፤ ካፒቴኖቹ ከኮስት ጋርድ (ከአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) የሚያገኙት የተለመደው ፈቃድ ከዚያ በላይ አያስጭንም። ስድስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁ ይቀላል። አንዳንዱ ጀልባ ከአራት ሰው በላይ ላለው ጭማሪ ይጠይቃል፤ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለረዳቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ መስጠት የተለመደ ነው። ያ አማቴን ያስተማረው ልጅ ከዚያም በላይ ይገባው ነበር።

የማጥመጃ ፈቃድም አለ። በዊስኮንሲን በኩል ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ለሁለት ቀን የሚያገለግል፣ የሳልመንና የትራውቱን ማኅተም ያካተተ ርካሽ ፈቃድ ስላለ የዓመቱን መግዛት ግድ አይደለም። በስልክ ጨርሳችሁ መምጣት ይሻላል።

ኪንግ ሆነ ኮሆ የሚባለው አነስ ያለ ሳልመን የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። ይህን ካፒቴኑ እየጠበቅን ሳለ ሲያጫውተን አማቴ በጣም ነው የገረማቸው። የሐይቁ ባለቤት ሌክ ትራውት ነበር። ከውቅያኖስ በቦዮች በኩል የገባ ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ ዓሣ፣ ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ተጨምሮበት፣ በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሊያጠፋው ደረሰ። ትልቁ ዓሣ በሌለበት ኤልዋይፍ የምትባል ትንሽ ዓሣ ሐይቁን ሞላችው። በ1967 በጅምላ ሞታ ዳርቻው በሬሳዋ ተሸፍኖ ነበር። የሚቺጋን ግዛት የዓሣ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሃዋርድ ታነር በ1966 ከኦሪገን በመጣ እንቁላል የተፈለፈለ ኮሆ ወደ ወንዞቹ አስለቀቀ። በዓመቱ ኪንጉ ተከተለ። እነሱም ያቺን ትንሽ ዓሣ እየበሉ ወፈሩ። ዛሬ ወደቡን የሞሉት ቻርተር ጀልባዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። አማቴ ታሪኩን ሰምተው «እኛም ሐይቃችንን እንዲህ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገናል» አሉ። እኔም እንደዚያው ይመስለኛል።

የሚያስመልሳችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመውጣታችሁ በፊት ዋጡ፤ ሐይቁ ላይ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። ሙዝ ይዛችሁ አትውጡ። ብዙ ካፒቴኖች ሙዝ ገድ ያጠፋል ብለው ከልባቸው ያምናሉ፤ የሰው እምነት ማክበር ደግ ነው። ልጆች ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ይልበሱ። የልጃችሁ ልክ መኖሩን በስልኩ ላይ ጠይቁ። ለልጄ አንድ ጊዜ የተሰጣት በጣም ሰፊ ስለነበር ከዚያ ወዲህ የራሷን ይዘን ነው የምንሄደው።

ስትመለሱ ረዳቱ ዓሣውን እዚያው ወደቡ ላይ ያጸዳላችኋል። ኮሆው ሥጋው ብርቱካንማ ነው፤ ለጥብስ የሚያክለው የለም። ሌክ ትራውት ስብ ይበዛዋል፤ ሰው ያጣጥለዋል፣ እኔ ግን ሲጨስ እወደዋለሁ። ባለቤቴ ዱለት ሠርታው አማቴ ሁለቴ አስጨምረዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሐይቁ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል የቆየ የፋብሪካ ኬሚካል አለ፤ የሚከማቸውም ስቡ ውስጥ ነው። ቆዳውን፣ የጀርባውንና የሆዱን ስብ አስወግዱ። ግዛቱ የትኛውን ዓሣ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል የሚገልጽ መመሪያ ያወጣል። ነፍሰ ጡርና ልጆች ላሉበት ቤት ይህን ማንበብ የግድ ነው። ትልልቅና ያረጁ ሌክ ትራውቶች ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል።

መቼ ይሻላል ለምትሉኝ፣ ኪንግ የሚፈልግ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይያዝ፤ ቅዳሜና እሁዱ ቀድሞ ስለሚሞላ ገና በዊንተሩ መደወል ነው። ልጆችን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ግን የእኔ ምርጫ ሜይና ጁን ነው፤ ከኬኖሻ ወይም ከራሲን። ያኔ ኮሆው በዚያ በኩል በብዛት አለ። መጠኑ አነስ ስለሚል ልጅ ብቻዋን ትጎትተዋለች። ቶሎ ቶሎ ስለሚነክስም መሰላቸት የለም። ከተማው ውስጥ ቲሸርት ቢያስለብስም ሐይቁ ላይ ያለው ብርድ ሌላ ነው፤ ወፍራም የብርድ ጃኬትና ኮፍያ ያዙ።