ለንደን ያለው ጃማይካዊ፣ ፓሪስ ያለው አልጄሪያዊ
ሁለቱም የቀድሞ ገዢያቸው አገር ገብተዋል፤ ቅሬታቸው ግን ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 «ኤምፓየር ዊንድረሽ» በተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ የደረሱት ካሪቢያውያን፣ እንግሊዝን «እናት አገር» እያሉ ያደጉ የዘውዱ ተገዢዎች ነበሩ። እናቲቱ ግን የእንጀራ እናት ሆነች። እነሱን ተከትለው በልጅነታቸው የገቡት ጡረታቸው ሲቃረብ «በሕጋዊ መንገድ ለመኖራችሁ ማስረጃ አምጡ» ተብለው ከሥራና ከሕክምና ተከለከሉ፤ አንዳንዶቹም ተባረሩ። ጉዳዩ አገር ያወቀው በ2018 ነው። የብዙዎቹን የመግቢያ ካርድ ያስወገደው ደግሞ ራሱ መንግሥት ነበር፤ ይህን ምን ይሉታል?

አልጄሪያዊው እንዲህ ዓይነት ፍቅር አልነበረውም። መሬቱ የፈረንሳይ አካል ተባለ፣ እሱ ግን ለረጅም ዘመን ሙሉ ዜጋ አልተባለም። በጥቅምት 1961 ፓሪስ ላይ ሰልፍ ከወጡት አልጄሪያውያን በርካቶችን ፖሊስ ገደለ፤ ሴን ወንዝ የተጣሉም ነበሩ። ስለዚህ ከጃማይካዊው ይልቅ የአልጄሪያዊው መራራቅ የጠለቀ ይመስለኛል። አልጄሪያ በ2019 የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ፈረንሳይ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ የአያቶቻቸውን ባንዲራ ለብሰው ወጡ።