ከሽቦው ማዶ፦ የካንሳስ ሲቲው የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም

በሚዙሪ ግዛት ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ 18ኛው ጎዳና ላይ የሚገኘው ይህ ሙዚየም እንግዳውን ደጅ በማስጠናት ይጀምራል። የኔግሮ ሊግ የሚባሉት፣ ጥቁሮች በዘር መድልዎ ከነጮቹ ሊግ በተከለከሉበት ዘመን ይጫወቱባቸው የነበሩት የአሜሪካ ቤዝቦል ሊጎች ናቸው። ከመግቢያው እልፍ እንዳልኩ ሰው የሚያካክሉ የነሐስ ተጫዋቾች የቆሙበት የቤዝቦል ሜዳ ታየኝ፤ ወርዋሪው ሳቸል ፔጅ እና ኳስ ለመቀበል ቁጢጥ ያለው ጆሽ ጊብሰን ከፊቴ ናቸው፤ ሆኖም በመካከላችን የዶሮ ቤት የሚታጠርበት ዓይነት ሽቦ ተዘርግቷል። ሜዳውን የሚረግጠው ታሪኩን ሁሉ ዞሮ የጨረሰ ጎብኚ ብቻ ነው። ከሽቦው አጠገብ ሆኖ ሜዳውን የሚመለከት ሌላ ሐውልት አለ፤ እሱም የባክ ኦኒል ነው።

ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1911 ፍሎሪዳ ውስጥ ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም በሳራሶታ የሴለሪ እርሻ ላይ ሠርተዋል። የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ ስለማይቀበል የዚያን ትምህርት ቤት ዲፕሎማ በክብር ያገኙት በ1995 ነበር። በ1938 የኔግሮ ሊጉን ቡድን ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስን ተቀላቅለው የመጀመሪያውን ቤዝ (ሯጮች በየተራ ከሚረግጧቸው የሜዳው ማዕዘኖች አንዱን) የሚጠብቁ ተጫዋች ሆኑ፤ ቡድኑ በ1942 ሆምስቴድ ግሬይስን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆንም አብረው ነበሩ። ከባሕር ኃይል አገልግሎት ተመልሰው ከ1948 እስከ 1955 ቡድኑን በዋና አሰልጣኝነት መሩ፤ ኋላ የቺካጎ ካብስ ታላቅ ተጫዋች የሆነው ኧርኒ ባንክስም በእጃቸው ካለፉት አንዱ ነው።

ከጉብኝቱ ሁሉ ረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ ነው። ለካብስ ተጫዋች መልማይ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው በ1962 በሜጀር ሊግ፣ ማለትም ቀድሞ ለጥቁሮች ዝግ በነበረው ከፍተኛው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ፣ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ተባሉ። እግር ኳስ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በቤዝቦል አሰልጣኞች መለያ ለብሰው፣ ሁለቱ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆመው፣ ሯጩን «ሂድ» ወይም «ቁም» እያሉ በእጃቸው ምልክት ያዙታል። በዚያ ዓመት ካብስ የዋና አሰልጣኝነቱን ሥራ ለበርካታ አሰልጣኞች በየተራ ሲሰጥ ለኦኒል ግን ተራ አልደረሳቸውም፤ ከቤዙ አጠገብ እንዲቆሙም አልተላኩም። ሹመቱ ተሰጥቷቸው ሜዳው ተነፈጋቸው ማለት ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ያ የመግቢያው ሽቦ እንደ ጌጥ አይታይም።

ሙዚየሙ ራሱ የኦኒል ሌላው የሥራ ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በ1990 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው ጨዋታውን ለትውልድ ሲተርኩ ኖሩ። ከሚተርኩት አንዱን እጅግ እወደዋለሁ፦ ኳስ ከዱላው ላይ ሲነሳ ልዩ ድምፅ የሰሙት በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከቤብ ሩት፣ ከጆሽ ጊብሰን እና ከቦ ጃክሰን ዱላ እንደነበረ ይናገሩ ነበር። በ2006 ከኔግሮ ሊግና ከዚያ በፊት ከነበረው የጥቁሮች ቤዝቦል 17 ሰዎች የቤዝቦል ታላላቆች ለሚከበሩበት ለኩፐርስታውን የዝና አዳራሽ ሲመረጡ እሳቸው ቀሩ፤ ሆኖም በበዓሉ ላይ ተገኝተው ስለተመረጡት ንግግር አደረጉ፤ ታዳሚውንም እጅ ለእጅ አያይዘው አዘመሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በ94 ዓመታቸው አረፉ፤ አዳራሹም የተቀበላቸው በ2022 ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይመድብ፤ በችኮላ የሚታይ ቦታ አይደለም። የአሜሪካ ጃዝ ሙዚየም በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሩብ ፎስተር በ1920 የኔግሮ ናሽናል ሊግን የመሠረቱበት የቀድሞው የፓሴዮ ዋይኤምሲኤ (ወወክማ) ሕንፃም ከዚያው ጥግ ላይ ይገኛል። ልጆች ይዘው ከሄዱ የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ቀድመው ቢነግሯቸው ይጠቀማሉ፤ የእኔዋ ልጅ «ዱላውን ለምን ይጥለዋል?» እያለች ግማሹን መንገድ አድርቃኛለች።

በመጨረሻ ሜዳው ላይ ወጥተን በፔጅና በጊብሰን መካከል ቆምን። ልጄ ወርዋሪውን ትታ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ከሽቦው ዘንድ ያሉትን ሰው እያየችም «እሳቸው ለምን አይገቡም?» አለችኝ።