ሳጥኑ ላይ ኤፍ-5 ኢ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሌላ አውሮፕላን፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሞዴል ሠሪዎች የማስጠንቀቂያ ጽሁፍ

በዚህ ሰሞን በድሬዳዋ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ያለ አንድ የሞዴል አውሮፕላን ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ክፍሎች ስብስብ፣ አለ። ሳጥኑ ላይ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5 ኢ ተዋጊ ጄት ወደ ምድር ዝቅ ብሎ ሲበር ተስሏል፤ ልኬቱ 1/48፣ ማለትም የእውነተኛው አንድ አርባ ስምንተኛ፣ እንደሆነ በጉልህ ተጽፏል፤ ዙሪያውም በላስቲክ ታሽጓል። አትግዙት። የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ አንዲትም ክፍል ከተያያዘችበት የፕላስቲክ ክፈፍ ሳትቆርጡ ይህን ጽሁፍ ጨርሱ።

ውስጡ ያለው ኤፍ-5 ኢ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሙ ኤፍ-5 ኤ ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። እውነተኛው ኤፍ-5 ኢ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው። ለ48 ስታካፍሉት 16.9 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ኤፍ-5 ኤ ግን 7.7 ሜትር ነው፤ በዚሁ ልኬት 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እኔ ያየኋቸው ሳጥኖች በሙሉ 16 ናቸው። ርዝመቱን ብቻ የለካ ሰው ግን አይደርስበትም፤ ሁለቱ አውሮፕላኖች በርዝመት የሚለያዩት በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሉ ላይ ልዩነቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያንሳል። የሸጠው ሰው ሲጠየቅ ርዝመቱን እየለካ የሚያሳየውም ለዚህ ነው። ክንፉን ሲለካ አላየሁትም።

ሌላም ምልክት አለ። በኤፍ-5 ኢ ላይ ክንፉ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ፊት የተዘረጋ ሰፊ ሦስት ማዕዘን ቅጥያ ይታያል፤ በዚህ ኪት ላይ ያቺ ቅጥያ ጠባብና ትንሽ ናት። በክንፉ ጫፎች የሚሳኤል መያዣ ሐዲድ መኖር ሲገባው የነዳጅ በርሜል ተቀርጿል። በክንፉ የውስጥ ገጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ በሚቀረጽበት ቦታ፣ ፕላስቲኩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ዲካሉ (ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው የምልክት ሥዕል) ደግሞ በተራ የቢሮ ማተሚያ የታተመና ምንም መከላከያ ያልተቀባ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይለቃል። የሳጥኑም ክዳን ሥዕሉ ላዩ ላይ የተለጠፈበት ሌላ ሳጥን ነው፤ ጠርዙን በጥፍር ብትልጡት የድሮው ቀለም ከሥር ይወጣል።

ለምን ይህን ያህል እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። ኤፍ-5 ኢ ለድሬ ልጅ ተራ አውሮፕላን አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ይህች ከተማ የአየር ምድብ ነበራት፤ ከተማዋም ራሷ ተጠቅታለች። እንደ ለገሰ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች በኤፍ-5 ኢ ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ያደረጉትን ውጊያ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያወራሉ። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ይህን ሳጥን የገዛ አንድ ተማሪ አለ። አያቱ በዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበሩ፤ ሞዴሉን ሠርቶ ሊሰጣቸው ነበር። ክፈፎቹን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አያቱ የክንፉን ሥር በጣታቸው ነክተው «ልጄ፣ ይህ የእኛ አይደለም» አሉት። እኚህ ሰው ማስመሪያ አላስፈለጋቸውም። ልጁ ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ ለአያቱ ያቀረበው የተሳሳተ አውሮፕላን ሆነ። ይህን ያደረገው ነጋዴ የሚሸጠውን አያውቅም እንዳይባል፣ የፋብሪካውን ስም የፋቀው ማን ነው?

እዚህ ላይ በሞዴል ሠሪዎች መካከል የተነሳውን ክርክር ማንሳት ግድ ነው፤ ከሳጥኑ ይልቅ እሱ አሳዝኖኛልና። ልጁ የደረሰበትን በስልክ በምንነጋገርበት ቡድን ውስጥ ሲናገር ወዲያው «ሙያ ያለው ሰው ከምንም ይሠራል»፣ «ፍጹም ኪት የለም»፣ «ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ እንዲቀርብልህ ትፈልጋለህ» የሚሉ መልሶች ዘነቡበት። አንዳንዶቹ የማከብራቸው ታላላቆቼ ናቸው። ፍጹም ኪት እንደሌለ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ቡና ውስጥ ጠጠር ቢገኝ ይለቀማል፤ የሐረር ቡና ነው ብሎ ሌላ ቡና የሸጠን ሰው ግን «ለቃሚ ብትሆን ኖሮ» ብሎ የሚከራከርለት ማንም የለም።

ጠጠሩን ለመልቀም እኔን የሚቀድመኝ ጥቂት ነው። የቆዩ ኪቶችን እወዳለሁ። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ፎርማ እጅግ ውድ ስለሆነ ፋብሪካዎች አንዱን ፎርማ ለአሥርት ዓመታት ይጠቀሙበታል፣ ይሸጡታል፣ ያከራዩታል። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ ሲያቆም ብዙዎቹ ፎርማዎቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሻግረው ኖቮ በሚል ስም እንደገና ኪት አውጥተዋል። ስለዚህ አዲስ ሳጥን ማለት አዲስ ፎርማ ማለት አይደለም፤ ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አውሮፕላን እስከሆነ ድረስ። የቆየ ፎርማ ሲያረጅ መጋጠሚያው ይሰፋል፣ በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ቀጭን ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል። ያ በምላጭ ይጠረባል። ወፍራም ክፍል ላይ የሚታየው ስርጉድ በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ በውሃ በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የገላው ሁለት ግማሾች ሲገጠሙ ክፍተት ቢቀር ቀጭን ፕላስቲክ ጣልቃ ገብቶ ይጣበቃል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከርሞ የተጣመመ ክንፍ፣ የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ይቃናል፤ የፈላ ውሃ ግን አይሁን። ቢጫ የሆነ ዲካል በግልጽ ፌስታል ታሽጎ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለተወሰኑ ቀናት ቢለጠፍ ይነጣል፤ ለዚህ ሥራ ከድሬዳዋ መስኮት የሚበልጥ የለም። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው፤ ይህ ሁሉ በእጅ የሚታረም ነው፤ የሙያውም ደስታ ግማሹ እዚህ ውስጥ ነው። ሻጩ «አሮጌ ኪት ነው፣ ዲካሉ ቢጫ ነው» ብሎ በተገቢው ዋጋ ከሸጠላችሁ አመስግኑት።

የኤፍ-5 ኤ ኪትን ወደ ኤፍ-5 ኢ መለወጥ ግን ስቱኮ የመሙላት ጉዳይ አይደለም። ክንፉ አጭር ነው፣ ገላው ጠባብ ነው፣ የአየር ማስገቢያው ትንሽ ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ መቅረጽ ማለት ኪቱን ጥሎ ከባዶ መጀመር ነው። ያንን የሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በመካከላችን ይኖሩ ይሆናል። እነሱ ስለቻሉ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መታለሉ ልክ አይሆንም።

በተቃራኒው በኩል የሚቆሙትም አሉ። አንድ ጀማሪ የመጀመሪያ ሥራውን ፎቶ አንስቶ ሲያቀርብ «የጎማው ዘንግ በሁለት ዲግሪ አዘንብሏል»፣ «የቀለሙ ዓይነት በዚያ ዓመት አልነበረም» እያሉ የሚያሸማቅቁ። እነዚህ ሰዎች እውቀት አላቸው፤ ያንን እውቀት ግን ልጁ ከመግዛቱ በፊት ሳይሆን ከሠራ በኋላ ነው የሚያወጡት። ይህን ኪት ከእነሱ መካከል አንዱ ቀድሞ አይቶት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሳጥኑ የተሳሳተ መሆኑን አውቆ ዝም ብሏል፤ ሲጠየቅም «ማንበብ ነበረባቸው» አለ። ይህ ከነጋዴው ሥራ ብዙም አይርቅም። ጀማሪውን ከሁለት በኩል ስንመታው፣ ሲያማርር «ሙያ የለህም»፣ ሲሠራ «አበላሸኸው» ስንለው፣ ቀጣዩ የተታለለ ልጅ አፉን ይዘጋል። ዝምታው የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው። ይኸው ተማሪ ሲሰደብ ያዩ ሌሎች ሁለት ገዢዎች የራሳቸውን ሳጥን ለማሳየት ፈቃደኛ የሆኑት በግል ካነጋገርኳቸው በኋላ ነው።

«ያለ ማስረጃ የሰው ስም አይጥፋ» ያላችሁኝ ደግሞ ትክክል ናችሁ፤ ስለዚህ የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም። ማስረጃው ግን ማስመሪያው ላይ ነው፤ ማንም ለክቶ ሊያየው ይችላል።

አሁን ከዚህ ሻጭም ሆነ ከሌላው ለምትገዙ። የተጠናቀቀ፣ ቀለም የተቀባ፣ መብራት የበራበት ሞዴል ፎቶ ብቻ የሚልክላችሁን ሰው አትመኑት፤ ያ የሌላ ሰው የእጅ ሥራ ነው። የክፈፎቹን ፎቶ ጠይቁ፤ ማስመሪያ ከክንፉ አጠገብ ተቀምጦ። በላስቲክ መታሸጉን እንደ ዋስትና አትቁጠሩት፤ ላስቲክና ሙቅ አየር ያለው ማንኛውም ሰው ሳጥን ማሸግ ይችላል፤ ሳጥናቸውን ጭራሽ የማያሽጉ ታዋቂ ፋብሪካዎችም አሉ። ሻጩ ከፍታችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ ተዉት። ከከፈታችሁ መጀመሪያ የኮክፒቱን መስተዋት እዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም የጎደለ መስተዋት በስቱኮ አይሞላም፣ መለዋወጫውም እዚህ አገር አይገኝም። ከዚያ የክፈፎቹን ፊደሎች በመመሪያው ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። የመመሪያው ጽሁፍ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ሌላውም ነገር ኮፒ ሊሆን ይችላል።

የመንገደኛ አውሮፕላን የምትወዱ ደግሞ ይህ ነገር ወደ እናንተም እየመጣ ነው። የአየር መንገዳችን ቀለም ያለበት ቦይንግ 787-9 ተብሎ በ1/144 የሚቀርብ ሳጥን አለ። እዚህ ላይ ክንፍ መለካት አይጠቅምም፤ 787-8 እና 787-9 የክንፋቸው ስፋት እኩል ነው። የሚለየው ርዝመቱ ነው፦ 787-8 በዚህ ልኬት 39.4 ሴንቲ ሜትር፣ 787-9 ደግሞ 43.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው 787-8 ስለሆነ አጭሩም ቢሆን የሚያምር ሥራ ይወጣዋል፤ በ787-9 ዋጋ ግን አይገዛም። የአውሮፕላኑን ትክክለኛ መጠን ከአምራቹ መረጃ ወስዳችሁ ለልኬቱ ቁጥር አካፍሉ፤ ከዚያ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ።

ገንዘብ አስቀድማችሁ አትላኩ። «ከጅቡቲ እየመጣ ነው፣ ግማሹን ክፈሉና ስማችሁ ይያዝ» መባል ከተጀመረ ቆይቷል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዕቃው ፊታችሁ ቀርቦ፣ ክፈፉ ተለክቶ፣ ደረሰኝ ተቆርጦ ክፈሉ። ደረሰኙ ላይ «መጫወቻ» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ልኬቱ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኤፍ-5 ኢ ብሎ ኤፍ-5 ኤ መሸጥ ትክክለኛ መረጃ አይደለም፤ «ፕላስቲክ ነው፣ ማን ይሰማናል» አትበሉ።

ሳጥኑን የገዛችሁ ስትሆኑ፣ ክፍሎቹን ከክፈፉ አትቁረጡ፤ ከተቆረጠ ሻጩ «ተጠቅማችሁበታል» ይላል። ክንፉን ከማስመሪያ ጋር፣ የተፋቀውን ቦታ በጎን ብርሃን፣ የክዳኑንም የተላጠ ጠርዝ ፎቶ አንሱ። ከከፈላችሁበት የባንክ መልእክት ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። አቤቱታውን ተባብረን ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ የምንወስድ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ ሁልጊዜ በምንገናኝበት ሻይ ቤት ይዛችሁ ኑ። ከሐረር የምትመጡ ወጪ እንዳይበዛባችሁ ፎቶውን ብቻ መላክ ትችላላችሁ። ገንዘቡ የማይመለስላችሁ ከሆነና ኪቱ በእጃችሁ ከቀረ፣ አየር ኃይላችን ኤፍ-5 ኤ አውሮፕላንም ነበረውና በዚያ መልኩ መሥራት ይቻላል፤ ለዚያ የሚሆን በትክክል የታተመ ዲካል ያለው አንድ ወንድማችን ለተማሪዎች በነጻ ለመስጠት ቃል ገብቷል። የሐረሩ ልጅ ግን ኤፍ-5 ኢ ነው የሚፈልገው። የተረፈ ኪት ያላችሁ ካላችሁ፣ ሳጥኑ ባይኖረውም፣ ዲካሉ ቢጫ ቢሆንም፣ በተገቢው ዋጋ እንገዛዋለንና አሳውቁን።